በሽታውን የደበቀው ማን ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ይህችን ምሳሌያዊ አነጋገር ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ አንብበናታል፤ በሬዲዮ ሰምተናታል፤ ሽማግሌውም ካህኑም ሲመክሩባት አድምጠናል። እውነትነቷን የምጠራጠር ሰው አይደለሁም። ይሁን እንጂ አነጋገሯ የምትወቅሰው አንድን ወገን፣ ማለትም ታማሚውን ብቻ ነው። ለመሆኑ በዚህች አገር በሽታን የሚደብቀው ታማሚው ብቻ ነው ወይ? ይህን ጥያቄ ሲያነሣ የሰማሁት ሰው እምብዛም የለም። ስለዚህ ዛሬ እኔው ላንሣው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ የሚሠሩ የሕክምና ባለሙያ ወዳጆቼ አንድ የጋራ እሮሮ አላቸው። ታማሚው ሌላ ቦታ ተመርምሮ፣ ውጤቱንም አውቆ ይመጣል። «ከዚህ በፊት ተመርምረህ ታውቃለህ?» ሲባል ግን «ኧረ በጭራሽ» ይላል። ሐኪሙም የተነገረውን አምኖ ከዜሮ ይጀምራል። ደም ይቀዳል፣ ገንዘብ ይወጣል፣ ቀናት ያልፋሉ። አንድ ወዳጄ ነገሩን ሲገልጸው «ግማሹን የሥራ ጊዜዬን የማጠፋው ታማሚው የሚያውቀውን ነገር በመፈለግ ነው» ብሎኛል።

ውሸቱ ትንሽ ይመስላል፤ መዘዙ ግን ትንሽ አይደለም። ሦስት ምሳሌዎችን ብቻ ልጥቀስ።

የመጀመሪያው ወባ ነው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት። ወጣቶቿ ግን ለአረምና ለአጨዳ ወደ ጃዊና ወደ መተከል ቆላ ይወርዳሉ። አንዱ እዚያው ሳለ ተመርምሮ ወባ ይገኝበትና ኮአርተም ይታዘዝለታል። የሦስት ቀኑን መድኃኒት አንድ ቀን ተኩል እንደወሰደ ሲሻለው ቀሪውን ለሌላ ጊዜ ያስቀምጠዋል። ወደ ደጋ ሲመለስ ትኩሳቱ ያገረሽበታል። «ለምን አቋረጥክ?» ተብሎ እንዳይቆጡት በመፍራት ግን ምንም አልወሰድኩም ይላል። የጀመረው መድኃኒት በደሙ ውስጥ ያለውን ተሕዋስ ስለሚቀንሰው በማይክሮስኮፕ ላይታይ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ፣ ሰውየው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት «ወባ አለበት» ሊል ይችላል። ታሪኩን ያልሰማ ሐኪም በሁለቱም ሊሳሳት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን ለሚያስታውስ ሰው፣ ይህ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው ኤች አይ ቪ ነው። ቫይረሱ በደሙ እንዳለ አውቆ መድኃኒት የጀመረ ሰው እንደ አዲስ ሲመረመር፣ መድኃኒቱ ቫይረሱን ስላዳከመው ምርመራው «የለብህም» የሚል የተሳሳተ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። «አለብህ» ካለውም እንደ አዲስ ታማሚ ይመዘገባል፤ የአገሪቱም መረጃ ይዛባል። ከዚህ የሚከፋው የሳንባ ነቀርሳ አብሮ ሲመጣ ነው። ሪፋምፒሲን የተባለው የነቀርሳ መድኃኒት፣ ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ያለውን መጠን ይቀንሰዋል። በዚህም የተነሣ በቀን አንድ ጊዜ ይወሰድ የነበረው ዶሉቴግራቪር በቀን ሁለት ጊዜ መሆን ይኖርበታል። ያልተነገረውን ሐኪም ማን ያሳውቀው?

ሦስተኛዋ እናት ናት። ቫይረሱ በደሟ ያለ እናት ምንም ዓይነት መከላከያ ሳይደረግላት ብትወልድና ብታጠባ፣ ወደ ልጇ የመተላለፉ ዕድል ከመቶ ከ15 እስከ 45 ይደርሳል። ተገቢው ሕክምና ከተደረገላት ግን ከ5 በታች ይወርዳል። በዚህ ልዩነት መካከል ያለው የአንድ ሕፃን ሙሉ ዕድሜ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ወዳጆቼ የሚቆጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን እንስማ። የእናቴ ታናሽ እህት የምትኖረው በዳንግላ ዙሪያ ነው። ታሪኳን የምጽፈው ፈቃዷን ጠይቄ ነው፤ ያም ሆኖ እንዳትታወቅ ስል አንዳንድ ነገሮችን ለውጫለሁ። አክስቴ ቫይረሱ በደሟ እንዳለ ካወቀች ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኗታል። መድኃኒቱ እዚያው ከተማዋ ውስጥ በነጻ እየተሰጠ፣ እሷ ግን በየሦስት ወሩ ነጠላዋን ተከናንባ ከመናኸሪያ ሚኒባስ እየተሳፈረች፣ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ባሕር ዳር ትሄድ ነበር። ለጎረቤት የምትነግረው ምክንያት አንድ ጊዜ ንግሥ፣ ሌላ ጊዜ ዘመድ ጥየቃ ነው። የመንገዱ ምስጢር ግን አንድ ወገን ብቻ የሚጓዝበት አይደለም። እሷ ወደ ባሕር ዳር ስትሄድ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላና ወደ እንጅባራ የሚመጣም አለ። ሁሉም ከሚያውቀው ሰው ሸሽቶ ወደማያውቀው ሰው ይሄዳል።

አክስቴ በሰፈሯ ጤና ጣቢያ ለሌላ ሕመም ስትታከም ስለዚህ ነገር ትንፍሽ ብላ አታውቅም ነበር። አንድ ቀን ነገሩ አሳስቦኝ ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ ለሐኪሙ ለምን አትነግሪውም? ሐኪም እኮ ምስጢር ጠባቂ ነው።»

«ልጄ፣ እኔ መች ሐኪሙን ፈራሁት!» አለችኝ። «እሱ ዛሬ መጥቶ ነገ ዝውውር የሚጠይቅ የሰው አገር ልጅ ነው። እኔ የምፈራው ሐኪሙ ዘንድ እስክደርስ ያለውን ነው።»

ይህ አነጋገሯ ለብዙ ጊዜ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ሐኪሙ ዘንድ እስኪደረስ ያለው ምንድን ነው? መጀመሪያ ካርድ ክፍል አለ። እዚያ የተቀመጠችው ልጅ የእድሯ አባል ልጅ ናት። ቀጥሎ ሙቀትና ክብደት የሚለካበት ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ኋላ አሥር ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ከዚያ የላቦራቶሪ መስኮት አለ። በመጨረሻም የመድኃኒት መስኮት አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በኮሪደሩ ጫፍ ያለችው፣ አገር ሁሉ «ያቺ ክፍል» የሚላት ክፍል አለች። በሯ ላይ ምንም ባይጻፍበትም ወደዚያ የታጠፈ ሰው ሁሉ ወዲያውኑ ይታወቃል። እንግዲህ ታማሚው ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ «እውነቱን ተናገር» የሚባለው፣ እውነቱ በአራት መስኮት እንዳይወጣበት ሲታገል ከቆየ በኋላ ነው።

እኔ ራሴ ስሙን በማልጠራው አንድ የጤና ተቋም ውስጥ ውጤት ስጠብቅ፣ የላቦራቶሪው ሠራተኛ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «የታይፎይዱ ባለቤት ማነው?» ብሎ ሲጣራ ሰምቻለሁ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ባለቤቱም እየሳቀ ተነሥቶ ወረቀቱን ተቀበለ። ታይፎይድ ስለሆነ አሳቀ። በዚያ አግዳሚ ላይ ከነበርነው መካከል ሌላ ዓይነት ውጤት ይጠብቅ የነበረው ሰው ግን ምን ብሎ እንደወሰነ መገመት አያዳግትም። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ «ተመርምረህ ታውቃለህ?» ሲሉትም «ኧረ በጭራሽ» ይላል።

የአዊ ከተሞች ይህንን ነገር በሌላ መልኩም ቀምሰውታል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ወር መጨረሻ ገደማ በአማራ ክልል የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች ሲገኙ፣ የክልሉ መንግሥት ከባሕር ዳር ጋር ሦስት የአዊ ከተሞችን፣ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ቲሊሊን፣ ለአሥራ አራት ቀናት ዘጋ። በወቅቱ ከነበረው ሥጋት አንጻር እርምጃውን አልነቅፍም። ነገር ግን ሕዝቡ ከዚያ ምን ተማረ? የአንድ ሰው የምርመራ ውጤት ከተማ ሊያዘጋ እንደሚችል ተማረ። የታመመው ሰው ዕድሜ፣ ጾታና የጉዞ ታሪክ በየዕለቱ መግለጫ ሲነገር ሰማ፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ ይህን ያህል ከተነገረ ስም መጥራት አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ትኩሳትና ሳል የያዘው ሰው ሁሉ «ጉንፋን ነው» ማለቱ ሊያስገርመን ይገባል? ጉንፋን ከተማ አያዘጋም።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ጥያቄዬ ልመለስ፤ በሽታውን የደበቀው ማን ነው? በ1998 ዓ.ም. በአገራችን ተቅማጥና ትውከት የሚያስከትል ወረርሽኝ ተነሣ። ባለሙያውም የረድኤት ሠራተኛውም በሹክሹክታ ኮሌራ ሲለው፣ መንግሥት ግን «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ሲል ሰየመው፤ ቃሉም አጥሮ «አተት» ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ወረርሽኙ አዲስ አበባ ሲገባም ስሙ አተት ነበር። የሕመሙ ምልክት የበሽታው ስም ሆነ ማለት ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሲመረጥ፣ ቀደም ሲል የጤና ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም በዚሁ ጉዳይ ተወቅሰው ነበር፤ እሳቸውም ወቀሳውን አስተባብለዋል። መንግሥት በሽታውን ኮሌራ ብሎ በግልጽ የጠራው በ2011 ዓ.ም. ነው። ወደኋላ ከሄድንም ታሪኩ ይረዝማል። የወሎን ረሀብ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሸሽጎት፣ ዓለም ያየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ በጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነበር።

መንግሥት የሚደብቅበት ምክንያት ከአክስቴ ምክንያት ብዙም አይለይም፤ ሰው ምን ይለኛል ነው። ቱሪስቱ ይቀራል፣ ገበያው ይዘጋል፣ ስም ይጠፋል። ልዩነቱ አክስቴ የደበቀችው የራሷን ሕመም ሲሆን፣ መንግሥት የደበቀው ግን የእኛን መሆኑ ነው። ለአክስቴ «በሽታውን የደበቀ» ተብሎ ይተረትባታል፤ ለመንግሥት ሲሆን ግን «የገጽታ ግንባታ» ይባላል።

ሰው እውነቱን የሚናገረው ስለተገሠጸ ሳይሆን፣ መናገሩ የሚጠቅመው መሆኑን ሲያይ ነው። ለዚህም የራሳችን ታሪክ ምስክር ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ሪፖርት የተደረጉት እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መመርመር ማለት የሞት ፍርድ መስማት ስለነበር፣ ሰው ለማወቅም ለመናገርም ምክንያት አልነበረውም። መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉት ማኅበራት ሲመሠረቱ አባሎቻቸው አደባባይ ወጥተው የተናገሩት ዘመዶቻቸው እንኳ ሊያውቋቸው በማይፈልጉበት ዘመን ነው። በጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ፤ መናገር ሕይወት ማስገኘት ጀመረ።

ሌላም ምሳሌ አለ። በእንጦጦ ማርያም ጠበል የሚጠመቁ ብዙ ሕሙማን ሁለት ዓይነት ውሸት ይዋሹ ነበር። በጠበሉ ቦታ «መድኃኒት አልወስድም» ይላሉ፤ ሐኪም ቤት ደግሞ «አላቋረጥኩም» ይላሉ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። አንድ ንግግር ሁለቱንም ውሸት አላስፈላጊ አደረገው። ታማሚውን የቆጣው የለም፤ እንዲዋሽ ያስገደደው ነገር ነው የተነሣለት።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 514 በሽታን ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፍን ይቀጣል። የዚያው ሕግ አንቀጽ 399 ደግሞ የሙያ ምስጢርን የሚያወጣ ባለሙያን ይቀጣል። ሕግ አውጭው ሁለቱንም ወገን እንዳሰበ ልብ በሉልኝ። በትምህርትና በቅስቀሳ ስንሰማ የኖርነው ግን የመጀመሪያውን ዓይነት ማስፈራሪያ ነው። በመስኮት ውጤት የጮኸ ሠራተኛ ተጠየቀ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

«ታዲያ ታማሚው ይዋሽ ነው የምትለን?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። አይደለም። የማያውቀው የትዳር ጓደኛ፣ ያልተወለደ ልጅ፣ በመርፌ ሊወጋ የሚችል ነርስ አለ። የእነሱ መብት ከእኔ ኀፍረት ይበልጣል። የታማሚው ግዴታ ባለበት ይጸናል። እኔ የምለው፣ ግዴታውን እንዲወጣ የሚያስችለውን ነገር የነፈግነውን ሰው ብቻውን አንውቀሰው ነው።

ይህን ዛሬ የማነሣበት ምክንያት አለኝ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ተነሣ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ ሲከፈት፣ ሲዘጋ ቆይቷል። ፖለቲከኛው ስለ መንገድ መዘጋት ሲያወራ የሚታየው ማዳበሪያና ነዳጅ ነው። በዚያ መንገድ ይመላለስ የነበረው ምስጢር ግን በማንም ሪፖርት ውስጥ የለም። አክስቴ መንገድ በተዘጋ ጊዜ መድኃኒቷ አለቀባት። ስድስት ቀን ያህል ያለ መድኃኒት ቆየች። በሰባተኛው ቀን ለዓመታት ስትሸሸው የኖረችው የሰፈሯ ጤና ጣቢያ ሄደች።

የተቀበለቻት ወጣት ነርስ ናት። አክስቴ እንደነገረችኝ፣ ነርሷ ምንም ሳትጠይቃት መጀመሪያ ተነሥታ በሩን ዘጋችው። ከዚያ ወንበሯን አቅርባ ተቀመጠችና «እናቴ፣ የሚነግሩኝ ሁሉ ከእኔ ጋር ይቀራል» አለቻት። አክስቴ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የያዘችውን በአምስት ደቂቃ ጨርሳ ነገረቻት። መድኃኒቷን ያገኘችው በዚያው ዕለት ነው። ነርሷ ልዩ መሣሪያ አልነበራትም፤ በጀትም አላስፈለጋትም። የነበራት በር ነው።

ነገር ግን አገር በአንዲት ነርስ ደግነት አይተዳደርም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያቋርጥ፣ የጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የቀጠራቸውን 5,000 ያህል የጤና ዘርፍ ሠራተኞች ውል አቋርጧል። የኤች አይ ቪ አገልግሎት በብዙ የተደገፈው በእንደነዚህ ያሉ ሠራተኞች ነበር። ታማሚ ቁጭ ብሎ የሚያወራው ሰው ሲቀንስ፣ የሚቀረው በመስኮት የሚጣራው ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ለዞኑም፣ ለክልሉም፣ ለፌዴራሉም የጤና ባለሥልጣናት የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። የምርመራ ታሪክ የሚጠየቀው አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሰው፣ በተዘጋ በር ውስጥ ይሁን። ውጤት በመስኮት አይጠራ። «ያቺ ክፍል» ከሌሎች ክፍሎች ጋር ትቀላቀል፤ ወደዚያ የሚገባውን የስኳርና የደም ግፊት ታማሚ የማይለየው ይሁን። አንቀጽ 399 ልክ እንደ አንቀጽ 514 ሁሉ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ወረርሽኝ በተነሣ ቁጥር ደግሞ መንግሥት በሽታውን በስሙ ይጥራው። ትልቁ ሳይናገር ትንሹን ተናገር ማለት አይሆንም።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ የሚደብቅ ቢኖር፣ ያን ጊዜ ተረቱን እኔም አብሬ እተርታለሁ።

ቸር ወሬ ያሰማን።